ሁለተኛው ማሰሮ

የከተማዋን ስም አልናገርም። ስሟን ብጠራ ሹሞቿ «ተሳስተሃል፤ ነገ ናና እናርምህ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ከእንግዲህ «ነገ ና» በሚል ሰው ደጃፍ ላልቆም ምያለሁ። ተወልጄ ያደግኩባት፣ ከሰባት ድንበር ማዶ አሥራ አንድ ዓመት ተምሬም የተመለስኩባት ከተማ ናት ብዬ ልለፈው።

የተማርኩት የሰውን ምርጫ ነው። ሰው ጉዳቱን እያወቀ ለምን ይመርጠዋል? የዛሬዋ ትንሽ ደስታ ከነገው ትልቅ ደስታ ለምን ትበልጥበታለች? መምህሮቻችን እፀ ፋርስ የሚያጨሱ ሰዎችን እየጠሩ «አሁን አንድ ወይስ ከወር በኋላ ሁለት?» ይሏቸው ነበር። አጫሾቹ ከሌላው ሰው ይልቅ ትንሽ ወደ «አሁን» ያዘነብላሉ። መልሳቸው ተሰብስቦ በወረቀት ላይ ሲሳል፣ ከዳገት እንደሚንሸራተት ልጅ ወደ ታች የሚወርድ ኩርባ መስመር ይሆናል። ያንን ኩርባ በሻንጣዬ ይዤ ነው አገሬ የገባሁት።

ለካ ከተማዬ ኩርባውን ከእኔ በፊት አስመጥታው ኖሯል። ከሩቅ እንደሚመጣ ዕቃ ሁሉ ግን ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር የደረሰው። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

በከተማዋ እፀ ፋርስ መግዛት አልተከለከለም። የሚሸጠው ራሱ «የነገ ጽሕፈት ቤት» የሚባለው የከተማዋ መሥሪያ ቤት ነው፣ በአንደኛው መስኮት። የተከለከለው መፈለግ ነው። እሱ የሚመረመረው በሁለተኛው መስኮት ነው። ሰልፉ አንድ ነው። ሰውዬው ጥቅሉን በአንደኛው መስኮት ተቀብሎ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ቀኝ ይልና ለምን እንደፈለገ ይጠየቃል።

ስሙ መዝገብ ላይ የተጻፈ ሰው ደግሞ ይፈተናል፤ የፈተናው ጥያቄ እንዲህ ነው፦ «አንድ ማሰሮ ማር ዛሬ ትወስዳለህ ወይስ ሁለት ማሰሮ ከዘጠና ቀን በኋላ?» አንዱን የመረጠ «የዛሬ ሰው» ተብሎ በእጁ አንጓ ላይ ቀይ ክር ይታሰርለታል። ማሰሮው ግን አይሰጠውም። ጥፋቱን ስለሚያስረዳ ማስረጃ ሆኖ ይያዛል። የዛሬ ሰው የነገ የሆነ ነገር አይነካም፦ ዶሮ አያስታቅፍም፣ ዘር አያስቀምጥም፣ ለሕፃን ስም አያወጣም፣ ዛፍ አይተክልም። ሁለቱን የመረጠ ደግሞ «የነገ ሰው» ይባላል። ነጭ ወረቀት ተሰጥቶት ደረቱ ላይ ይለጥፋል።

በሁለተኛው መስኮት ጠያቂ ሆኜ የተቀጠርኩት በመጣሁ በሳምንቱ ነው። የነገው ሹም፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ወፍራም ሰው፣ ጠረጴዛው ላይ ማሰሮ አስቀምጦ ተቀበለኝ። ከማሰሮው አፍ የማንኪያ እጀታ ብቅ ብሎ ነበር።

«ያ ማስረጃው ነው» አለኝ፣ ዓይኔ ማሰሮው ላይ እንዳረፈ አይቶ። «አልፎ አልፎ ጥራቱን እቆጣጠራለሁ።»

እኔን ያሳደጉኝ የእናቴ ወንድም ጋሼ ዘርጋው ናቸው። ሥራቸው የዝግባ ችግኝ ማፍላት ነው። ዝግባ የሚያፈላ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው፤ ዘሩ መሬት ውስጥ ገብቶ ብቅ እስኪል ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ ከበቀለም በኋላ በጥላው ሥር የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነው። ጋሼ ዘርጋው የሚቀመጡት አያታቸው በተከሉት ዝግባ ሥር ነው፤ እሳቸው የሚተክሉት ደግሞ ገና ላልተወለደ ለማያውቁት ሰው ነው። አራት መቶ ችግኝ ነበራቸው።

ወጣት ሳሉ ግንድ ወድቆባቸው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሕመሙ አመሻሽ ላይ ይነሣል። ስለዚህ አመሻሽ ላይ አንድ ጥቅል ያጨሳሉ። እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን አመሻሽ እስኪሆን አልጠበቁም፤ በጠራራ ፀሐይ አጭሰው፣ የመስኖውን ውሃ ሳይዘጉ እንቅልፍ ጣላቸው። አርባ ችግኝ በስብሶ ጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለራሳቸው ሕግ አወጡ፤ የመጨረሻው ችግኝ ውሃ ሳይጠጣ ክብሪት አይጫርም። «ቅጠሉም ቅጠል ነው፣ እኔም ሰው ነኝ፤ እንዳንጣላ ድንበር አበጀን» ይሉ ነበር።

ተመልሼ ስመጣ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አራት ዓመት ብለኸኝ ነበር።»

«ትምህርቱ ረዘመብኝ ጋሼ።»

«በሄድክ ቀን አንድ ዝግባ ተክዬልህ ነበር። ያውልህ፣ ቁመቱ እኔን አልፏል። እሱ ግን በአራት ዓመት እደርሳለሁ ብሎኝ አያውቅም።» ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሱብኝም። ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከማዶ ካመጣኋቸው ጥያቄዎች አንዱ «ለአንድ ጥቅል ስንት እርምጃ ትሄዳለህ?» የሚል ነበር። የሰውን ፍላጎት ጥንካሬ መለኪያ ነው። እኔ ጠየቅኩ፤ ሰዉም በቅንነት መለሰ። አንዳንዱ መቶ አለ፣ አንዳንዱ ሺህ። ከሁሉም የበለጠው አራት ሺህ ነበር። ውጤቱን ለሹሙ ሳቀርብለት ማንኪያውን ማሰሮው ውስጥ ተክሎ ብድግ አለ።

«እንግዲያው መስኮቱን አራት ሺህ አንድ እርምጃ እናርቀዋለን! ማንም አይሄድም!»

አንደኛው መስኮት ተነቅሎ ኮረብታው አናት ላይ ተተከለ። ሁሉም ሄደ። ሰው በአፉ የሚመልሰውና በእግሩ የሚመልሰው እንደሚለያይ መጽሐፌ ውስጥ ነበር፣ ሹሙ ግን መጽሐፉን ነገ ሊያነበው አስቀምጦታል። ሌላም ነገር ተከተለ። ዱሮ በየቀኑ አንድ ጥቅል ይገዛ የነበረ ሰው ኮረብታውን በየቀኑ መውጣት ስላልቻለ የወሩን በአንድ ጊዜ መግዛት ጀመረ። የወር ቅጠል ደግሞ ትራስ ሥር ከተቀመጠ ወር አይቆይም። በሳምንት ያልቃል። ከተማዋ በታሪኳ እንደዚያ ወራት አጭሳ አታውቅም።

ጋሼ ዘርጋውም በተሰበረ ዳሌያቸው ኮረብታውን ወጥተው የወሩን ይዘው ወረዱ። ትራሳቸው ሥር ሁለት ቀን ካሳደሩት በኋላ ግን በሦስተኛው ቀን ከረጢቱን አንጠልጥለው ጎረቤታቸው እትዬ ብርቅነሽ ዘንድ ሄዱ። እትዬ ብርቅነሽ በዕድሜ ዘመናቸው ቅጠል ያልገዙ፣ ስለዚህም ማንም ጠርቶ ያልጠየቃቸው ሴት ናቸው።

«ይሄን ያዢልኝ። ማታ ማታ አንድ ስጪኝ። ሁለት ብለምንሽ ስደቢኝ።»

«ለስድቡ እንኳን ልመናም አያስፈልግህም» አሏቸው እትዬ ብርቅነሽ።

እኔ ይህን ባየሁ ጊዜ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሰው የነገ ድካሙን አውቆ ዛሬ እጁን በገዛ ፈቃዱ ማሰሩ መምህሮቼ አንድ ሙሉ ዓመት ያስተማሩን ትልቅ ጥበብ ነው። ሮጬ ለሹሙ ነገርኩት።

«እጁን ካሰረ እጁ ሌባ መሆኑን አምኗል ማለት ነው» አለና ስማቸውን ጻፈ። «ዛፍም ይተክላል አልከኝ? ይፈተን።»

አልክድም፣ ስማቸውን ለሹሙ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

በፈተናቸው ዋዜማ ከሰዓት ዝግባው ሥር አገኘኋቸው። እትዬ ብርቅነሽም ምስር እየለቀሙ አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር።

«እንግዲህ የምትጠይቀኝ አንተ ነህ?» አሉኝ ጋሼ።

«እኔ ነኝ። ዛሬ የመጣሁት ልመክርዎ ነው። አንድ ማሰሮ ማር ዛሬ ወይስ ሁለት ከዘጠና ቀን በኋላ ይባላሉ። ሁለቱን ይምረጡ።»

«የማን ማር ነው?»

«የጽሕፈት ቤቱ።»

«የት አለ?»

«መጋዘን።»

«አይተኸዋል?»

አላየሁትም። «መኖሩ ተጽፏል» አልኩ።

እትዬ ብርቅነሽ ምስሩን ትተው ሳቁ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!»

«ቀስ ይበሉ እትዬ፣ ይሄ ተረት ታግዷል።»

«የቆጡን አወርድ ብላስ?»

«እሱ ተሻሽሏል። አሁን ‹የቆጡን ልትጠብቅ የብብቷን መለሰች› ነው የሚባለው።»

«እኔስ የብብቴን አልመልስም» አሉ ጋሼ ዘርጋው። «ስማኝ። ይሄ ጽሕፈት ቤት የመስኖ ቱቦ ነገ አመጣለሁ ያለኝ ካቻምና ነው። አምናም ነገ አለኝ። እኔ ዛፍ ስተክል አርባ ዓመት እጠብቃለሁ፣ ምክንያቱም ዝግባ ዋሽቶኝ አያውቅም። የማታውቀው ሰው መንገድ ላይ አስቁሞህ ‹በግህን ስጠኝ፣ ነገ ሁለት አድርጌ አመጣልሃለሁ› ቢልህ ትሰጠዋለህ? ካልሰጠኸው ችኩል ነህ ማለት ነው?»

ይህ ጥያቄ በአሥራ አንድ ዓመት ትምህርቴ አንድም ቀን አልተነሣም ነበር። በመልስ ፈንታ ማስፈራራት ጀመርኩ።

«አንዱን ከመረጡ ችግኞቹን ይነጥቁዎታል።»

ጋሼ ወደ ችግኞቹ ዞሩ። በዓይናቸው ዳሰሷቸው።

«ማሩን ይሰጡኛል?»

«ይሰጡዎታል።»

«በማን ቃል?»

«በእኔ ቃል ጋሼ።»

«አራት ዓመት ባልከኝ ቃል?»

«ከዚያ በተሻለ።»

በማግስቱ በሁለተኛው መስኮት ቆመው፣ እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ እያዩ «ሁለት፣ ከዘጠና ቀን በኋላ» አሉ። ነጩን ወረቀት ደረታቸው ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ኮርቼም ነበር።

በዘጠናኛው ቀን ረፋድ ላይ ጋሼ ዘርጋው ሁለት ባዶ ማሰሮ ይዘው መጡ። ታጥበው በፀሐይ የደረቁ፣ አፋቸው በንጹሕ ጨርቅ የተሸፈነ ማሰሮዎች ናቸው። ሹሙ ከጠረጴዛው ተነሥቶ በትከሻዬ ላይ ተንጠራርቶ አያቸው።

«ምን ፈልገው ነው?»

«ማሬን።»

«ያዝነው!» ብሎ ሹሙ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። «አየህ? ሊወስድ መጣ።»

«ዘጠናው ቀን እኮ ሞላ ጌታዬ» አልኩ።

«ሞላ። የነገ ሰው ግን አይቸኩልም። ፈተናው ሁለት ብሎ መመለስ መሰለህ? ፈተናው መጠበቅ ነው። ሊወስድ ከመጣ መጠበቅ አቅቶታል ማለት ነው። አንድ ጊዜ የታገሠ ሁለት ጊዜ ለምን አይታገሥም?»

«እስከ ዛሬ ማሩን የወሰደ ሰው የለም?»

«‹ዛሬ› አልክ፤ ራስህን ስማው። ሁለት ሺህ አንድ መቶ የነገ ሰዎች አሉን፣ አንድም አልመጣም። የሚያኮራ ሕዝብ ነው።»

«መጋዘኑ ውስጥ ግን ማር አለ?»

«ለማይወሰድ ማር ንብ አናስቸግርም።»

«እርስዎ ግን ከዚህኛው በየቀኑ ይበላሉ!»

ማንኪያውን ላስ ላስ አድርጎ በትዕግሥት አስረዳኝ። «እኔ ነገን የማስተዳድር ነኝ። ነገ ለሌላው ጊዜ ነው፣ ለእኔ ሥራ ነው።»

ያኔ ነው መንገድ ላይ የቀረው ግማሽ የገባኝ። መምህሮቼ አገር ሁለተኛው ማሰሮ ሁልጊዜ ይመጣ ነበር። ከወር በኋላ ሁለት የተባለ ሰው ከወር በኋላ ሁለት ያገኛል። ይህን ማንም በመጽሐፍ አልጻፈውም፤ ዓሣ ስለ ውሃ እንደማያወራው። እኛ አገር ኩርባው ብቻ መጣ፣ ማሰሮው ቀረ። ቃሉን የማይጠብቅ ቢሮ ሰዎችን «ቃሌን ትጠብቃላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የማያምነውን ሱሰኛ ይለዋል፣ ያመነውን በማመኑ ክር ያስርበታል። እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ተምሬ የመጣሁት ክሩን ለማሰር ነው።

ጋሼ ዘርጋው ማሰሮዎቹን በመስኮቱ አሾልከው ሰጡኝ።

«ያዝልኝ፤ ሁለቱም እጄ ሞልቶ እንዴት ታስረኛለህ?»

አሰርኳቸው። ብዙ ጊዜ በሕልሜ ሳላስራቸው ስቀር አያለሁ። በውኔ ግን አሰርኳቸው።

ችግኝ ጣቢያው የነጭ ወረቀት ባለቤት ለሆነ አንድ የነገ ሰው ተሰጠ። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ መሃል እየተንሸራሸረ ችግኞቹን በፍቅር ያያቸዋል። «ጠምቷቸዋል» ያለው ሰው ሲያጋጥመው «ነገ ይጠጣሉ» ይላል። ሃያ ሦስት ቀን ፀሐይ ነበር።

ጋሼ ዘርጋው ከአጥሩ ማዶ ሆነው ያያሉ። ውሃ ማጠጣት የነገ ሥራ ስለሆነ አይፈቀድላቸውም። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ እትዬ ብርቅነሽን ቅጠሉን ሲጠይቋቸው ሰማሁ።

«ገና ስድስት ሰዓት ነው እኮ!»

«የመጨረሻው ችግኝ ውሃ ሲጠጣ ነበር ሕጌ። የማጠጣው ችግኝ አለኝ? ድንበሩን እነሱ ናቸው ያፈረሱት። ስጪኝ።»

እትዬ ብርቅነሽ እንደ ውላቸው ሊሰድቧቸው አፋቸውን ከፈቱና አቃታቸው፤ ሰጧቸው። ሹሙ ይህን ሲሰማ በትልልቅ ፊደል አስጻፈና ግድግዳ ላይ ለጠፈው፦ «ዛፉ ሲወሰድበት በቀን ማጨስ ጀመረ። ፈተናችን አልተሳሳተም።»

ያን ወረቀት ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ከመስኮቱ በስተውስጥ ያለውን ወንበሬን ለቅቄ ወጣሁና ሰልፉ ላይ ቆምኩ። ተራዬ ሲደርስ ሹሙ ራሱ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ይጠይቁኝ።»

«አንድ ዛሬ ወይስ ሁለት…»

«ዛሬ» አልኩ። ክሩን ከመሳቢያው አንሥቼ ራሴ አሰርኩት፤ አስተሳሰሩን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

በቀጥታ ጋሼ ዘርጋው ዘንድ ሄድኩ። ዝግባው ሥር ዓይናቸው ቀልቶ ተቀምጠዋል። እጄን ሲያዩ ክሩን ከክራቸው ጋር አስተያዩት።

«ጋሼ ይነሡ። በሕይወት ያለውን ችግኝ እናውጣ።»

«ፈቃድ አለህ?»

«የለኝም።»

«ፈቃዱን መቼ ታመጣለህ?»

ጥያቄው ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልገባኝም። እሳቸው ግን ራሳቸው በጠየቁት ነገር ውስጥ አንድ ነገር ያገኙ ይመስል ጺማቸውን አሻሹ። ከዚያ ጋሪ ፈልግ አሉኝ።

የነገው ሰው ለምሳ ሄዶ ነበር። አራት መቶውን አንድ በአንድ እየዳሰሱ አለፉ። ሙት፣ ሙት፣ ሙት አሉ፤ ድምፃቸው አይለወጥም። ግንዱን በጥፍራቸው ቧጠጥ አድርገው አረንጓዴ ሲያዩ ብቻ «ይሄን» ይላሉ። ሠላሳ አንድ ሆኑ። ጋሪው ላይ ደረደርናቸውና እንደማንኛውም ሰው በበሩ በኩል ልንወጣ ሄድን።

በሩ ላይ ዘበኛው ሻረው አለ። ነጭ ወረቀቱ ደረቱ ላይ ነው።

«ቁሙ! የማን ችግኝ ነው? ፈቃድ!»

ክሬን በእጅጌዬ ሸፈንኩ፤ የማዶ ትምህርቴ ግን ሁሉ ከራሴ ላይ በነነ። ጋሼ ዘርጋው ግን የቀይ ክሩን እጅ በጋሪው ጎን ሸሸግ አድርገው፣ በዕድሜያቸው ከአፋቸው ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ተናገሩ።

«ነገ እናመጣለን።»

የሻረው ፊት ፈካ። ተረከዙን አጋጨ።

«ይቅርታ አባቴ! የነገ ሰዎች መሆናችሁን መች አወቅኩ። እለፉ!»

አለፍን። ከበሩ ሃምሳ እርምጃ እስክንርቅ ጋሪውን ገፋን። ከዚያ ጋሼ ዘርጋው ቆመው በመዳፋቸው አፋቸውን ጠረጉ።

«ይሄን ቃል ስለው አፌ መረረኝ» አሉ። «እነሱ ቀኑን ሙሉ እንዴት ይሉታል?»

ሠላሳ አንዱንም እትዬ ብርቅነሽ ጓሮ ተከልናቸው፤ ማለቴ እሳቸው ተከሏቸው፣ ክር ያላሰሩ እሳቸው ብቻ ስለነበሩ። ጋሼ አጥሩ ላይ ተደግፈው «ጥልቅ አድርጊው፣ ሥሩን አትጠፊው፣ ኧረ ሴትዮ ምስር አይደለም!» እያሉ ያዛሉ። እትዬ ብርቅነሽም ይመልሳሉ፦ «አንተ ወዲያ ዞር በል፤ የዛሬ ሰው በዓይኑም መትከል አይፈቀድለትም!» የመጨረሻው ችግኝ ውሃ ሲጠጣ ፀሐይዋ ኮረብታው ላይ፣ አንደኛው መስኮት ጣሪያ ላይ ደርሳ ነበር። ጋሼ ያኔ እጃቸውን ዘረጉ። እትዬ ብርቅነሽ ጭቃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው አንድ ጥቅል ሰጧቸው።

«ሁለት ብለምንሽስ?»

እትዬ ብርቅነሽ ለቀናት ያጠራቀሙትን ስድብ በሙሉ አወረዱባቸው። ሰፈሩ ሰማ። ጋሼ ዘርጋው ክብሪታቸውን ጫሩ፤ ድንበሩ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ዘበኛው ሻረው እስከ ዛሬ ፈቃዱን ይጠብቃል። ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን። ዓይኑ መጀመሪያ ፊቴ ላይ፣ ከዚያ እጄ አንጓ ላይ አረፈ። ክሩን አየው። ነገሩ ሁሉ እንደገባው ከፊቱ ላይ አነበብኩ። «ፈቃዱስ?» ሊለኝ አፉን ከፈተ።

ከዚያ እጁ ደረቱ ላይ ያለውን ነጭ ወረቀት ዳበሰ፤ አፉንም ቀስ አድርጎ ዘጋው።